በአርባ ስምንትና በአሥር ሺህ መካከል

ወላይታ ውስጥ በወንጌል አማኝ ቤት ያደገ ልጅ ይህን ታሪክ ሳይሰማ የሚያልፍ ዓመት የለውም። ፈረንጆቹ መጡ፤ አስተማሩ፤ ጣልያን አባረራቸው፤ ሲሄዱ የተጠመቁት አርባ ስምንት ነፍስ ብቻ ነበሩ፤ ተመልሰው ሲመጡ አሥር ሺህ ሆነው አገኟቸው። እልል! ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። ጉባዔው ያጨበጭባል፤ መዝሙር ይነሳል፤ ተናጋሪው መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ይጠርጋል። እኛም ስንት ጊዜ አብረን እልል እንዳልን ቆጥረን አንዘልቀውም።

ዛሬ ሂስ ልናደርግበት የተነሳነው በዚሁ ታሪክ ላይ ነው። «ደግሞ ይሄንንም ልትነኩት ነው?» የሚሉን ወዳጆች እንዳሉ እናውቃለን። አዎ፣ እንነካዋለን። የምንነካውም ስለናቅነው አይደለም፤ ብዙዎቻችን ሌላው ሁሉ ሲከዳን የምንጠጋው ግድግዳ እሱ ስለሆነ ነው እንጂ። የሚጠጉትን ግድግዳ ደግሞ አንድ ቀን መታ መታ አድርጎ ማየት ብልህነት ነው።

ነገሩን ያነሳሳን አንድ ጓደኛችን ነው። ከኛ ጋር ይጸልይ ነበር። እናቱ ታመው ሁለት ዓመት ሙሉ ተጸለየ፤ ተጾመ፤ ዘይት ተቀቡ፤ ሞቱ። ከቀብር ተመልሶ አንድ ወር ያህል አብሮን ተቀመጠና ከዚያ ወዲያ ከኅብረቱ ቀረ። ሄደን ብንጠይቀው እንዲህ አለን፤ «እናንተ የምትተርኩት እግዜር ሁልጊዜ ይመልሳል። የኔው አልመለሰም። እንግዲህ ወይ እናንተ ትዋሻላችሁ፣ ወይ እኔ አልተፈለግሁም።» ከመካከላችን አንዱ ለማጽናናት ብሎ የአርባ ስምንቱንና የአሥር ሺሁን ታሪክ ጀመረለት። ጓደኛችን ግን አላስጨረሰውም። «እሱን አውቀዋለሁ» አለ፤ «መካከሉን ንገረኝ።»

መካከሉን የሚያውቅ አልነበረም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ምሽት ዕዳ ነው።

በመጀመሪያ የታወቀውን እናስቀምጥ። የሱዳን ውስጥ ሚስዮን መልእክተኞች ወደ ወላይታ የደረሱት በ1920 ዓ.ም. ነው፤ ከመሪዎቹ ዋነኛው ሐኪሙ ቶማስ ላምቢ ነበር። ሶዶ አጠገብ ጣቢያ ከፈቱ፤ ሕክምናና ትምህርት ጀመሩ። ፍሬው ግን ዝግ ያለ ነበር። ፋሽስቶች አገሪቱን ከያዙ በኋላ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ መልእክተኞች ከሶዶ እንዲወጡ ተገደዱ። ዘጠኝ ዓመት ለፍተው ጥለዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች አርባ ስምንት ነበሩ። ይህች ጭላንጭል ትጠፋ ይሆን የሚል ሥጋት ይዘው እንደሄዱም ተጽፏል። ጣልያን ከተባረረ በኋላ በ1935 ዓ.ም. ገደማ ተመልሰው ሲያዩ አማኙ በአሥር ሺህ የሚቆጠር፣ አጥቢያውም መቶ ያህል ሆኖ አገኙት።

ይህን ታሪክ በዓለም ያስተዋወቀው የሚስዮኑ ባልደረባ ሬይመንድ ዴቪስ በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «እሳት በተራሮች ላይ» የተሰኘው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። በንዑስ ርእሱ ራሱን «የአንድ ተአምር ታሪክ» ብሎ ይጠራል። እዚህ ላይ እንቁም። መጽሐፉን ከመክፈታችን በፊት መደምደሚያው ተነግሮናል። ተአምር መሆኑን አውቀን የምናነበው ሥቃይ ደግሞ ሥቃይነቱ ይቀንሳል፤ ወደ ተአምሩ የሚያደርስ መንገድ ይሆናል። ግርፋቱን ስናነብ ዓይናችን ገጹን ዘሎ አሥር ሺሁን ይፈልጋል።

በደራሲው ብቻ አንፈርድበትም። እሱ የጻፈው ለአገሩ ምእመናን፣ ገንዘባቸውንና ልጆቻቸውን ወደ ሩቅ አገር ለላኩ ሰዎች ነው። ጥፋቱ ይበልጥ የኛ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን እንኳ አንተርክም። ለምሳሌ ቶሮ ስለተባለው መሪ ሲነገር ሁላችን የምናስታውሰው ማዕበሉን ነው፤ ሰውየው በገበያ መካከል ተገርፎ ታሰረ፤ ከዚያ ታላቅ ዝናብና ነፋስ መጣና የእስር ቤቱን ጣራ ነቀለው፣ የጭቃ ግድግዳውንም አፈረሰው፤ አሳሪዎቹ ፈሩ። ልጆች ሆነን ይህን ስንሰማ ጸጉራችን ይቆም ነበር። ያው መጽሐፍ ግን ሌላም ነገር ይናገራል። ሃምሳ ያህል መሪዎች ተይዘው መቶ መቶ ጅራፍ ተገርፈዋል፤ አንዱ አራት መቶ፤ ለወራት በጀርባቸው መተኛት አልቻሉም፤ ሦስቱ ሞተዋል።

ሦስቱ ሞተዋል። ስማቸውን ከመካከላችን የሚያውቅ አለ? እኛ አናውቅም። ለነሱ ጣራ አልተነቀለም። አሥር ሺሁን አላዩም። እነሱ ሲሞቱ የሚያውቁት ቤተ ክርስቲያን ያች ትንሿ፣ የተበተነችው፣ አስተማሪዎቿ የሄዱባት ነበረች። ጓደኛችን «መካከሉን ንገረኝ» ያለው እነዚህን ሦስቱን ነው። የቶሮ ጣራ ለሱ ምንም አይሠራለትም፤ እንዲያውም ይጎዳዋል። «ለቶሮ የወረደ ዝናብ ለናቴ ምን ነካው?» ያሰኘዋል።

አሁን ወደ ሌላ መጽሐፍ እንሻገር። በዚያው በ1966 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ካቶሊክ ደራሲ ሹሳኩ ኤንዶ «ዝምታ» የተሰኘ ልብ ወለድ አሳተመ። (በ2016 እ.ኤ.አ. ማርቲን ስኮርሴዚ ፊልም ስላደረገው ያዩት ይኖራሉ።) ታሪኩ በ17ኛው ምእተ ዓመት ጃፓን ውስጥ ነው። ክርስትና ታግዷል። ሮድሪጌዝ የሚባል ወጣት ፖርቱጋላዊ ቄስ፣ አስተማሪው እምነቱን ካደ የሚለውን ወሬ ማመን አቅቶት ወደዚያ ይሻገራል። የሚያየው ግን የድሀ ገበሬዎችን ሞት ነው፤ ባሕር ዳር በእንጨት ላይ ታስረው ማዕበሉ ቀስ በቀስ ይጨርሳቸዋል። ሰማዩ ዝም ነው። ባሕሩ ያው እንደ ወትሮው ይመላለሳል። በመጨረሻ ሌሎች ሰዎች ከሥቃይ እንዲወርዱ ከፈለገ የክርስቶስን ምስል በእግሩ እንዲረግጥ ይጠየቃል። ይረግጣል። ኤንዶም እግዚአብሔርን የሚያናግረው እዚያች ላይ፣ ከተረገጠው ምስል ውስጥ ነው።

ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ነገሩ ይገለጥልናል። በዴቪስ ዘንድ ፈረንጁ ይሄዳል፣ እግዚአብሔር ይቀራል። በኤንዶ ዘንድ ፈረንጁ ይመጣል፣ እግዚአብሔር የለም ያሰኛል። አንዱ የሚለካው በቁጥር ነው፤ ሌላው ቁጥር የሚባል ነገር የለውም። አንዱን ስንዘጋ እናጨበጭባለን፤ ሌላውን ስንዘጋ ዝም እንላለን።

ታዲያ የቱ ነው እውነቱ? በጥድፊያ አንፍረድ። የጃፓንን ታሪክ እስከ መጨረሻው እናንብበው። የናጋሳኪ አካባቢ ክርስቲያኖች ያለ ቄስ፣ ያለ ቤተ ክርስቲያን፣ በየጊዜው ምስሉን እንዲረግጡ እየተገደዱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በድብቅ ኖሩ። በ1865 እ.ኤ.አ. አንድ ፈረንሳዊ ቄስ ናጋሳኪ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲከፍት የገጠር ሰዎች መጥተው እምነታቸው የሱ እምነት መሆኑን ገለጹለት። እነዚህ ሰዎች አላደጉም። አርባ ስምንቱ አሥር ሺህ አልሆኑም። እንዲያውም ብዙ ነገር ጠፍቶባቸው፣ ጸሎቱ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ተለዋውጦባቸው ነበር። ቢሆንም ነበሩ። እንግዲህ እንጠይቅ፤ እምነት በዕድገት የሚመሰከር ከሆነ ለነዚህ ሰዎች ምን ልንላቸው ነው? የወላይታው ዝምታ አምስት ዓመት ነበር። የናጋሳኪው ከሁለት መቶ በላይ። አምስት ዓመት ላይ የምናውጅበትን ቀመር ይዘን ናጋሳኪ ብንሄድ እናፍራለን።

የሂሳችን ዋና ነጥብ ይኸው ነው። ታሪኩን የምንተርክበት መንገድ የእግዚአብሔርን ዝምታ ወደ ብድር ለውጦታል። ለጥቂት ጊዜ ይዘገያል፣ ከዚያ ከነወለዱ ይከፈላል። አርባ ስምንት አስቀምጠህ አሥር ሺህ ትወስዳለህ። ይህ የባንክ ቋንቋ ነው። ዛሬ በየመድረኩ የምንሰማው ምስክርነትም ቅርጹ ይኸው ሆኗል፤ ታምሜ ነበር፣ ተፈወስኩ፤ አጥቼ ነበር፣ አገኘሁ፤ መክኜ ነበር፣ ወለድኩ። «ታምሜ ነበር፣ አሁንም ታምሜያለሁ፣ ግን እዚሁ አለሁ» ብሎ ማይክራፎን የያዘ ሰው አይተን አናውቅም። ቢይዝም «ወንድም፣ ገና ምስክርነትህ አልደረሰም» ተብሎ ይቀመጣል።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። ለተናጋሪ ሰው ይሆን ይሆናል። ያልተነገረ ዝምታ ግን ሰው ልብ ውስጥ ሲከርም ይነቅዛል፤ ጓደኛችን ላይ አይተነዋል። ያሳዘነው እግዚአብሔር ዝም ማለቱ ብቻ አይደለም፤ እኛ ስለዚያ ዝምታ የምንናገርበት ቃል አለማዘጋጀታችን ነው።

ቃሉ ግን ከጥንት አልጠፋም። ጠፋ የምንለው እኛ ዘለነው ነው። ከዳዊት መዝሙሮች መካከል 88ኛው (በግዕዙ ቁጥር 87ኛው) ከልመና ተነስቶ በጨለማ ያበቃል፤ «ነገር ግን» የለውም፣ የምስጋና መዝጊያ የለውም። ያም ሆኖ ሰብሳቢዎቹ አላወጡትም፤ ዳዊት የሚደግሙ አባቶቻችን እናቶቻችንም ተራው ሲደርስ ይደግሙታል። ኢዮብ ወዳጆቹ ሰባት ቀን አፈር ላይ አብረውት ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ ወዳጆች ነበሩ፤ የከፉት አፋቸውን ከፍተው ሲያስረዱት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚገርመን ግን ማርቆስ ነው። በዚያ በመካከለኛው ዘመን የወላይታ አማኞች በቋንቋቸው የነበራቸው ጽሑፍ የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የተመረጡ ክፍሎች እንደነበር ይነገራል። ሙሉው አዲስ ኪዳን በወላይትኛ የታተመው ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ታሪኩን ስንተርክ ይህንንም የምናነሳው ለማስደነቅ ነው፤ «አያችሁ፣ በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ!» እንላለን። ግን የቷ ትንሽ መጽሐፍ መሆኗን ልብ ብለን እናውቃለን? በሉቃስ ዘንድ ኢየሱስ በመስቀል ላይ ይቅርታ ይለምናል፤ ለወንበዴው ተስፋ ይሰጣል፤ ነፍሱንም አደራ ይላል። በዮሐንስ ዘንድ እናቱን ለደቀ መዝሙሩ ይሰጣል፤ ሥራውንም ይፈጽማል። በማርቆስ ዘንድ ግን ከመስቀሉ ላይ የሚሰማው የተነገረ ቃል አንድ ብቻ ነው። እሱም አምላኩ ለምን እንደተወው የሚጠይቅበት ጩኸት ነው። መልስ የለውም። ከዚያ ያለ ቃል ይጮኻል፤ ይሞታል።

ሌላም አለ። በአራተኛው ምእተ ዓመት የተጻፉት ሁለቱ ጥንታውያን የግሪክ ቅጂዎች፣ የቫቲካኑና የሲናው፣ የማርቆስን ወንጌል የሚዘጉት ሴቶቹ ከባዶው መቃብር ፈርተው ሲሸሹና ለማንም ሳይናገሩ ነው። የምናውቀው ረጅሙ መዝጊያ እዚያ የለም። ማርቆስ እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ ከታየ ከአራቱ ወንጌሎች ሁሉ ከዝምታው ጋር አብሮ መቀመጥ የሚችል እሱ ነው።

እንግዲህ ያን ዘመን በዓይነ ሕሊናችን እንሳለው። ማታ ነው። አንድ የሣር ቤት ውስጥ፣ እሳቱ ዙሪያ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበዋል። ማንበብ የሚችለው አንዱ ያነባል። ባለፈው ሳምንት የታሰረ ወንድም አላቸው፤ ቁስሉ ያልጠገገ ሌላ ደግሞ ጥግ ላይ በደረቱ ተኝቶ ይሰማል። አንባቢው ወደዚያ ጩኸት ሲደርስ ምን ሰሙ? እኛ የምንገምተው ይህን ነው፤ እግዚአብሔር ርቆብናል ማለት ከእምነት መውጣት እንዳልሆነ ሰሙ። ጌታቸው ራሱ እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ አገኙት። ይህ ግምታችን ነው፣ በማስረጃ የተደገፈ አይደለም፤ ግን ከማዕበሉ ታሪክ ይልቅ ጓደኛችን የሚሰማው ይህን ይመስለናል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ ይመጣብናል።

የመጀመሪያው ከማያምኑ ጓደኞቻችን ነው። «ዝምታ ትላላችሁ፤ ዝም ያለው የሌለ ስለሆነ ነው። የወላይታው ዕድገት ደግሞ በታሪክ ይተረጎማል» ይላሉ። ሐቅ አላቸው። በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ወላይታን ሲይዝ ያለቀው ሕዝብ፣ የተማረከው ንጉሥ ጦና፣ ለባርነት የተነዳው ሰው፣ ከዚያ የመጣው የገባርነት ኑሮ፣ ይህ ሁሉ የሕዝቡን የቀድሞ ሥርዐት አናግቶታል። ከሚስዮኖቹም ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ከጋሞ አገር የተነሳው ኤሳ የተባለ ሰባኪ «ጣዖታችሁን ተዉ፣ ወደ ሰማዩ ወደ ጦሳ ብቻ ጸልዩ» እያለ ሕዝቡን አነሳስቶ በባለሥልጣናት ተይዟል። ጦሳ ከጥንት የወላይታ ሰው የሚያውቀው የሰማይ አምላክ ነው፤ ያው ስም ዛሬም በቤተ ክርስቲያን ይጠራል። ከዚያ ፋሽስት ሲመጣ አሮጌው ገዥም አዲሱ አስተማሪም በአንድ ጊዜ ተነቀሉ፤ አገሬው በገዛ ቋንቋው፣ በገዛ ዜማው፣ መሪው እያወረደ ሕዝቡ እየተቀበለ መዘመር ጀመረ። እነዚህን ሁሉ ምክንያቶች እንቀበላለን። ተአምር የምንለው ምክንያት የሌለውን ነገር ብቻ ከሆነ በርግጥ ይሄ ተአምር አይደለም።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ እነዚህ ምክንያቶች የሚያስረዱት አሥር ሺሁን ነው። አርባ ስምንቱን አያስረዱም። ለምን በዙ የሚለውን ይመልሱ ይሆናል፤ ሳይበዙ፣ እንደሚበዙም ሳያውቁ፣ በዚያች በጨለማው ሁለተኛ ዓመት ለምን አልተበተኑም የሚለውን ግን አይመልሱም። በዕድገቱ የምትኮራው ቤተ ክርስቲያንና ዕድገቱን በምክንያት የሚፈታው ተጠራጣሪ እዚህ ላይ አንድ ናቸው። ሁለቱም የሚያዩት ቁጥሩን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከገዛ ወገኖቻችን ነው። «ጥርጣሬን ልታስተምሩን ነው ወይ? ደካማውን ታሰናክላላችሁ» ይሉናል። እኛ የምንለው ደካማው ከተሰናከለ ቆይቷል ነው። ያሰናከለውም ሁሉም ሰው የተመለሰለት መስሎ መታየቱ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የካልካታዋ እናት ቴሬዛ ደብዳቤዎች ሲታተሙ ዓለም ደነገጠ፤ በድሆች መካከል ለአምስት ዐሥርት ዓመት ገደማ ስትሠራ የእግዚአብሔርን መኖር በልቧ ሳይሰማት እንደኖረች ለነፍስ አባቶቿ ጽፋ ነበርና። አንዳንዱ «አስመሳይ ናት» አለ። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ እየተሰማት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ዓመት የቁስለኛን ገላ ማጠቧ ያን ያህል ባልገረመን ነበር።

ወዳገራችንም እንመለስ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታፍነው በዚያው ሌሊት ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ በዚያ መካከል አሥር ዓመት ያህል በእስር ቆዩ። እዚያ ውስጥ ያሉት ዓመታት እያንዳንዳቸው 365 ቀን ነበራቸው። እኛ ግን ስንተርክ በአንድ ነጠላ ሰረዝ እንሻገራቸዋለን። በዚያው ዘመን ወላይታ ውስጥም ብዙ አጥቢያዎች ተዘግተው በየቤቱ በሹክሹክታ ተጸልዮአል፤ የዚያ ሹክሹክታ ታሪክም እንደዚሁ «ከዚያ በሮች ተከፈቱ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሥር ተቀብሯል።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኛ ብዙም በማይርቀው በጎፋ፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ተራራው ተንዶ ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤት እሪ ብሎ ደረሰ፤ በእጁና በዶማ መቆፈር ያዘ። ሲቆፍሩ ተራራው ዳግመኛ ተናደና ለመርዳት የመጡትን ቀበራቸው። የሞቱት ከ200 በላይ ናቸው። ይህ ነገር ከየትኛው የምስክርነት ቅርጽ ጋር ይገጥማል? በዚያን ሰሞን አንዳንድ መድረክ ላይ «ኃጢአታችን ነው» የሚል ስብከት ሰምተናል። ያፈርነው ያን ጊዜ ነው። ወንድሙን ለማውጣት ሲቆፍር የሞተን ሰው በኃጢአት ከመክሰስ ዝም ማለት ይሻላል። ሰው ዝም ማለት ያቃተው የእግዚአብሔርን ዝምታ ስለሚፈራ ይመስለናል። ቀዳዳውን በማንኛውም ነገር መድፈን ይፈልጋል፤ ባይሆን በስድብም ቢሆን።

ታዲያ መካከሉ ምን ነበር? እነዚያ አርባ ስምንቱ ምን ሲያደርጉ ነበር? እዚያው ዴቪስ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ የማይጠቀስ አንድ ነገር አለ፤ ለኛ ከጣራው መነቀል ይበልጥብናል። በዚያን ዘመን እስረኛን የሚመግበው መንግሥት አልነበረም፤ ስንቅ የሚያመላልሰው ዘመድ ነው። ዘመድ የሌለው ይራባል። አማኞቹ ለታሰሩት ወንድሞቻቸው የሚያመጡት ምግብ ግን ከመብዛቱ የተነሳ ላላመኑት እስረኞችም ተረፈ ይላል መጽሐፉ። ይኸው ነው። ድምፅ የለም፣ ብርሃን የለም፣ ማዕበል የለም። ቆጮ ነው፤ ወይም በቆሎ፣ ወይም ቦዬ፣ የቤት ያፈራው። በቅጠል ተጠቅልሎ፣ በሴት ራስ ላይ ተጭኖ፣ ኮረብታውን ወጥቶ፣ ዘበኛ ፊት ቆሞ የሚጠብቅ ስንቅ።

የመካከሉን ዓመታት የተሸከመው ይህ ነው ብንል የምንሳሳት አይመስለንም። እስር ቤት ውስጥ ቁስሉ የሚያዠው ሰው እግዚአብሔር አብሮት እንዳለ ሁልጊዜ ተሰምቶት ነበር ብለን መማል አንችልም። የተሰማው ቀን ይኖራል፤ ያልተሰማው ቀንም ይኖራል። ስንቁ ግን ይመጣ ነበር። በዚያ ቀን የሱን እምነት ሌላ ሰው በራሱ ላይ ተሸክሞለት ነበር። እኛ እምነትን የአንድ ሰው የልብ ስሜት አድርገን ስለምንተርከው ስሜቱ ሲጠፋ እምነቱም የጠፋ ይመስለናል። የወላይታ አባቶችና እናቶች ግን በስንቅ አቆይተውታል። ስንቅ ደግሞ የሚያስፈልገው መንገዱ ሩቅ ሲሆን፣ የሚደረስበትም ቀን ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

ስለዚህ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች፣ ለዘማሪዎች፣ ለሰባኪዎችም የምንለው ይህን ነው። ታሪኩን አትተዉት። ግን ቀስ ብላችሁ ተርኩት። ከአርባ ስምንት ወደ አሥር ሺህ በአንድ ትንፋሽ አትዝለሉ። ሦስቱን ሙታን አስገቡ። ስንቅ ያመላለሱትን ሴቶች አስገቡ፤ ስማቸው በየትኛውም መጽሐፍ ስለሌለ ብቻ ያልነበሩ አይደሉም። ያልተነቀለውን ጣራም አስገቡ። ታሪኩ ይህን ሁሉ ተሸክሞ መቆም ካልቻለ ከመጀመሪያውም የቆመው በጭብጨባ ነበር ማለት ነው። እኛ ግን ይቆማል ብለን እናምናለን።

ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ አልቀዋል ማለት ይቻላል። ልጆቻቸው ግን አሉ፤ በቦዲቲ፣ በአረካ፣ በሁምቦ፣ በየቀበሌው አሉ። ለክረምት አገራችን ስንገባ ሽማግሌዎቹንና እማማዎቹን «አሥር ሺህ እንዴት ሆናችሁ?» ብለን አንጠይቃቸው፤ እሱን ለምደውታል፣ ይደግሙልናል። «እናታችሁ ስንቅ ስታመላልስ ምን ትል ነበር? የታሰረው ሲሞትባት ምን አለች? በማግስቱስ ተመልሳ ጸለየች ወይ?» እንበላቸው። የሚሉንን ሳናሳምር እንጻፈው። «አይ ልጄ፣ ለጥቂት ጊዜ መጸለይም አቅቷት ነበር» የሚል መልስ ካገኘን ከመቶ ምስክርነት አስበልጠን በዚህ ቡሌቲን እናወጣዋለን።

ስለ ጓደኛችን የምንለው አናበዛም። ወደ ኅብረቱ አልተመለሰም። ይመለሳል ብለንም አንተነብይም፤ ታሪኩን ገና ሳያልቅ ልንዘጋበት አንሻም። በዚያች ምሽት ግን ሦስት ሆነን ተረት ልንነግረው ሄድን እንጂ እራቱን መብላት አለመብላቱን የጠየቀው አልነበረም። አሁን በየአርብ ማታ ከመካከላችን ተረኛው ዳቦና ሻይ ይዞ ክፍሉ ይሄዳል። ስለ እግዚአብሔር ካላነሳ አናነሳበትም። ባለፈው አርብ ተረኛው ሊወጣ ሲል «ለናቴ የምትጸልዩት ጸሎት እንዴት ነበር የሚጀምረው?» ብሎ ጠየቀው። ተረኛው ነገረው። ጓደኛችን ዝም አለ። ተረኛውም ዝም ብሎ አብሮት ተቀመጠ።